የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ዲዛይን ላይ ተጠቃሚን በዲጂታል መሳሪያ ማሳተፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጤና ባለሙያዎች፣ ከግንባታ ሰዎች፣ አንዳንዴም ከራሳቸው ከታካሚዎች ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ተጠቃሚን ማሳተፍ ሲባል ምን ማለት ነው? አርክቴክቱ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው?

አርክቴክቱ ሥራውን ያውቃል። የማያውቀው የእናንተን ሥራ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንዲት ነርስ ዋርዱን ብቻዋን ይዛ የኦክስጅን ሲሊንደር ስትገፋ ጎማው የትኛው ደፍ ላይ እንደሚያዝባት እሱ ከየት ያውቀዋል? እሷ ግን ተረኛ በሆነች ቁጥር ታየዋለች። ማሳተፍ ማለት ይህን እውቀት ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ፕላኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ይኸው ነው።

ቃሉ ግን ብዙ ተበድሏል። ያለቀ ስዕል አሳይቶ፣ ሻይ በኩኪስ ጋብዞ፣ አቴንዳንስ አስፈርሞ መበተንም ማሳተፍ ይባላል፤ ሪፖርቱ ላይም "ባለድርሻ አካላት ተሳትፈዋል" ተብሎ ይጻፋል። ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 ተሳትፎን 8 እርከን ባለው መሰላል መስላው ነበር። ታች ያሉትን ሁለቱን ጭራሽ ተሳትፎ አይደሉም አለች። መሃል ያሉትን ሦስቱን፣ ማለትም ማሳወቅን፣ አስተያየት መቀበልንና ማባበልን፣ የይስሙላ አለቻቸው። የላይኞቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው ለሰው የመወሰን ሥልጣን የሚሰጡት። የሻይና የኩኪሱን ስብሰባ የቱ እርከን ላይ እንደምታስቀምጡት ለእናንተ ልተወው።

"ተጠቃሚ" የሚባለው ማን ነው? ታካሚው ብቻ ነው?

ታካሚን፣ ነርስን፣ አዋላጅን፣ ሐኪምን ማንም አይረሳም። የሚረሳው አስታማሚው ነው። እኛ አገር ሰው ብቻውን ሆስፒታል አይተኛም። እናት፣ ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር አብሮ ይገባል። ምግብ ያመላልሳል፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ያካልላል፣ ታካሚውን ደግፎ ሽንት ቤት ያደርሳል፣ ማታ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። የነርስ እጥረቱን ግማሽ የተሸከመው እሱ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ፕላኑ ላይ ግን የለም። አልጋው ተስሏል፣ ኮመዲኖው ተስሏል፣ የእጅ መታጠቢያው ተስሏል፤ አስታማሚው ቁጭ የሚልበት፣ ሰሃን የሚያጥብበት፣ ልብስ የሚያሰጣበት ቦታ አልተሳለም። ከዚያ ሕንፃው ተመርቆ በወሩ አጥሩ ላይ አንሶላ ተሰጥቶ ሲታይ "ሕዝቡ ሥርዓት የለውም" ይባላል።

ጽዳት ሠራተኛዋስ? ባልዲዋን የምትሞላው ከየት ነው? ዕቃዋን የምታስቀምጥበት ክፍል ካልተሠራላት አንዱን ሽንት ቤት መጋዘን ታደርገዋለች፣ የታካሚው ሽንት ቤት በአንድ ጎደለ ማለት ነው። የበር ጥበቃው ደግሞ ቀኑን ሙሉ "ድንገተኛ በየት ነው?" የሚባል ሰው ነው፤ ሰው የት ላይ መንገድ እንደሚስት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ጥገና፣ ሬሳ ክፍል። የመጨረሻውን ማንም መጥራት አይፈልግም። ግን አስከሬን የሚወጣበት በር ከማዋለጃው በር ፊት ለፊት መሆኑን ቀድሞ የሚነግራችሁ የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ ነው።

ፕላኑን በወረቀት ማሳየት አይበቃም? ዲጂታል መሳሪያ ለምን አስፈለገ?

ፕላን ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከላይ የታየ ቤት በ1 ለ100 ተጨምቆ፣ በመስመርና በቁጥር ተሞልቶ ሲቀርብ የ20 ዓመት ልምድ ያላት አዋላጅም ላይገባት ይችላል። "አልገባኝም" ለማለት ደግሞ ይሉኝታ አለ፣ በተለይ ኢንጂነሮቹና ኃላፊዎቹ ተደርድረው ከተቀመጡ። ስለዚህ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። አርክቴክቱም ተስማሙ ብሎ ይሄዳል።

አንድ የማዋለጃ ክፍል ማስፋፊያ ላይ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ፕላኑን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ስናስረዳ "በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን" ተባልን። በሳምንቱ ያንኑ ፕላን ሳንነካው ወደ ስሪዲ (ከሁሉም አቅጣጫ ወደሚታይ የኮምፒውተር ሞዴል) ቀይረን፣ ላፕቶፕ ላይ ከኮሪደሩ ጀምረን እየተራመድን አሳየናቸው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። አንዷ አዋላጅ "ቆይ ቆይ፣ በሩ ሲከፈት ኮሪደር የቆመው ሁሉ የምትወልደዋን ያያታል'ኮ!" አለች። የማዋለጃው አልጋ እግርጌ ቀጥታ በሩን ነበር የሚያየው። ፕላኑ ላይም እንደዚያው ነበር፤ እኔን ጨምሮ ያስተዋለ ሰው ግን አልነበረም። አልጋውን ማዞርና የበሩን አከፋፈት መቀየር የፈጀብን ግማሽ ሰዓት ነው።

ምን ምን መሳሪያ አለ? ውድ አይደለም?

የሚያስፈራው ስሙ ነው እንጂ ብዙው ነፃ ነው። ስዊት ሆም ስሪዲ የሚባለው የቤት መሳያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፤ ግድግዳ አስምሮ አልጋ ጎትቶ ማስገባት የቻለ ሰው ይችለዋል። ሌላው መሳያ፣ ስኬችአፕ፣ በብራውዘር የሚሠራ ነፃ ቅጂ አለው። ብሌንደር ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ መማሩ ግን ጊዜ ይበላል። ትልልቅ ፕሮጀክት ላይ ያሉ አማካሪዎች ብዙ ጊዜ ሬቪት በሚባለው የሕንፃ ሞዴል ፕሮግራም ስለሚሠሩ ሞዴሉ ድሮም እጃቸው ላይ ነው፣ "አሳዩን" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። (ይህ በሞዴል የመሥራት ነገር "ቢም" ይባላል። ሳይት ላይ ቃሉን ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ፤ ፎርማኑ ስለ ኮንክሪቱ ቢም፣ ስለ አግዳሚው ተሸካሚ፣ የምታወሩ ነው የሚመስለው።)

ከሞዴሉ የ360 ዲግሪ ምስል ማውጣት ይቻላል። ምስሉን ስልክ ላይ ከፍቶ ስልኩን ወዲህ ወዲያ ማዞር ነው፣ ክፍሉ መሃል የቆማችሁ ያህል ዙሪያውን ታያላችሁ። አቅሙ ካለ ደግሞ እንደ ሜታ ኩዌስት ያሉ ቪአር መነጽሮች (ዓይን ላይ ሲታሰሩ ሞዴሉ ውስጥ የቆማችሁ የሚያስመስሉ) ያለ ኮምፒውተር ብቻቸውን ይሠራሉ። አስተያየት ለመሰብሰብ ኮቦቱልቦክስ አለ፦ ቅጹ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል፣ ጥያቄውንም በአማርኛም በኦሮምኛም ማስገባት ይቻላል። ለሠራተኛው የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው መሳሪያ ልጨምር፦ የስልክ እርምጃ ቆጣሪ። ሲስተሯ ኪስ ውስጥ አንድ ሺፍት ሙሉ ይዋል። አሜሪካ ውስጥ በ36 ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንዳለው ነርሶች በ10 ሰዓት የቀን ሥራ ከ1.6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ይራመዳሉ። መድኃኒት ማስቀመጫው እዚህ ይሁን እዚያ የሚለው ክርክር የእርምጃው ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ቶሎ ያልቃል።

መነጽሩ ግዴታ ነው? እኛ ጋ ኔትወርክም መብራትም አስተማማኝ አይደለም።

ግዴታ አይደለም። ባትሪው የሞላ ላፕቶፕና ስልክ ላይ ቀድሞ የተጫነ ምስል ካላችሁ በቂ ነው። ፕሮጀክተር ላይ አትመኩ፤ በስብሰባው ቀን ነው መብራት የሚጠፋው፣ ታውቁታላችሁ። መነጽር ካላችሁም ሰውየውን አስቀምጣችሁ ከአምስት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ አሳዩ፣ አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። በየሰዉ መሃል መነጽሩን መጥረግ አለባችሁ። ሹሩባ የተሠራች ወይም ሂጃብ ያደረገች ሴት ወንዶች ፊት መነጽር ጭንቅላቷ ላይ ማሰር ላትፈልግ ትችላለች። አታስገድዱ፣ ስልኩን ስጧት።

ከስክሪኑ በኋላ ደግሞ ሜዳ ላይ ውጡና ኖራ በትኑ። ክፍሉን በሙሉ ልኩ ግቢው ውስጥ በኖራ አስምሩት፣ እውነተኛ አልጋ አምጡ፣ ሲስተሮቹ ራሳቸው ይግፉት። ጎማው ኖራውን ከረገጠ ግድግዳ ገጨ ማለት ነው። ይህን የድሃ ዘዴ አድርጋችሁ አትዩት። ሲያትል የሕጻናት ሆስፒታል እንኳ አዲስ ክሊኒክ ሲያሠራ መጋዘን ውስጥ ክፍሎቹን በካርቶን በሙሉ ልካቸው አቁሞ ነው ሠራተኞቹን ያስሞከረው።

መቼ ነው መጀመር ያለበት?

ፕላኑ ገና እርሳስ ላይ እያለ። በመጀመሪያው ዲዛይን ጊዜ ግድግዳ ማንቀሳቀስ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጨረታ ከወጣ በኋላ ቫሪዬሽን (የውል ለውጥ) ነው፣ ደብዳቤ ነው፣ ጭቅጭቅ ነው። ኮለኑ ከተሞላ በኋላ ጸሎት ነው። "ስዕሉ ሲያልቅ እናሳያችኋለን" የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ፣ ያን ጊዜ የሚቀርላችሁ የቀለም ምርጫ ብቻ መሆኑን እወቁት።

እኔ ከስዕሉም በፊት አሮጌውን ሕንፃ መዞር እወዳለሁ። እንግሊዝ አገር አንዲት እናት "ዋርድ ገብቼ 15 እርምጃ እንደሄድኩ ልጄ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደምታገኝ አውቃለሁ" ብላ የተናገረችው ለመንግሥት የጤና አገልግሎታቸው የ15 እርምጃ ጉብኝት መነሻ ሆኗል። እናንተም ሞክሩት። ለሁለት ታካሚና ለሁለት ሠራተኛ ስልክ ስጡና "የሚያስቸግራችሁን ነገር ሁሉ ፎቶ አንሱ" በሏቸው። የሚመጣላችሁ ፎቶ ያስገርማችኋል፦ የተቆለፈ ሽንት ቤት፣ ጸሐይ የሚያቃጥለው ወረፋ፣ ማንም ሊያነበው የማይችል ከፍታ ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ።

ስብሰባው ላይ ምን ብዬ ልጠይቅ?

"ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ። ወደድነው ይሏችኋል። ሥራ ስጧቸው። ስክሪኑ ላይ በሩ ፊት አቁሟቸውና እንዲህ በሏቸው፦ "ደም እየፈሰሳት ያለች እናት በባጃጅ ደርሳለች። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ውሰዷት።" ከዚያ ዝም በሉ። የት ቆመው እንደሚያመነቱ ብቻ እዩ። ቀጥሉና "አሁን እየዘነበ ነው" በሉ። "መብራት ጠፋ" በሉ። "ለአንድ ታካሚ 15 ጠያቂ መጣ፣ ቄሱም ጠበል ይዘው መጥተዋል፣ የት ይቁሙ?" በሉ። አንድ ቦታ "ታካሚው አረፈ፤ ለቅሶው ለሌሎቹ ሳይሰማ ቤተሰቡን የት ወስዳችሁ ትነግሯቸዋላችሁ?" ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። ፕላኑ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረም። ሲስተሮቹ እስከዚያ ቀን ድረስ ሞት የሚያረዱት ኮሪደር ላይ ቆመው ነበር።

ሌላው ነገር፣ አርክቴክቱ አይከራከር። "እሱ'ኮ እንዲህ የሆነው..." ብሎ የጀመረ ጊዜ ስብሰባው አለቀ፤ ሰዉ ተመልሶ ራሱን ወደ መነቅነቅ ይገባል። ማውሱን ለእነሱ ስጡ፣ የቆሙበትንና የተሳሳቱበትን ቦታ ፕላኑ ላይ ነጥብ አድርጉበት። አምስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለም።

ሲስተሮቹ ዶክተሩ ባለበት አይናገሩም። ምን ይሻላል?

ለዩዋቸው። አለበለዚያ ዶክተሩ የሲስተሯን ሥራ ለሲስተሯ ሲያስረዳ ትውላላችሁ፣ ለቀባሪው አረዱት እንደሚባለው። እንግሊዝ ውስጥ በሉተንና ደንስተብል ሆስፒታል በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በካንሰር ታካሚዎች የተሞከረ አሠራር አለ። መጀመሪያ ታካሚዎቹ ለብቻ፣ ሠራተኞቹ ለብቻ ይናገራሉ። ታካሚዎቹ ያሳለፉትን ሲተርኩ በቪዲዮ ይቀረጻል። ከዚያ ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ ምን ይቀየር የሚለውንም አብረው ይመርጣሉ። ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን ቪዲዮው ይናገርለታል።

ስም የማያሳይ የቴሌግራም ፖልም ይረዳል። ለጽዳትና ለጥበቃ ሠራተኞች ግን ስብሰባ አትጥሩ። ቡና በሚጠጡበት ሰዓት እነሱ ጋ ሂዱ፣ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርጉት።

ማንበብ የማይችሉ፣ አዛውንቶች፣ ዓይነ ስውራንስ እንዴት ይሳተፋሉ?

ማንበብ ለማይችል ሰው ስሪዲ ከወረቀት ይሻላል፣ የሚነበብ ነገር የለውም። መልስ ሲሰጡም ድምጻቸውን ቅዱ እንጂ ቅጽ አታስሞሉ። ለወጣቶች ጨዋታም ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ሰፈሮች ድርጅት፣ ዩኤን-ሃቢታት፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ማይንክራፍት በሚባለው የኮምፒውተር ጌም ነዋሪዎች ሰፈራቸውን ራሳቸው ዲዛይን እንዲያደርጉ ሲያደርግ ቆይቷል፣ ናይሮቢ ኪቤራ ውስጥ ጭምር።

ለዓይነ ስውር ግን ስክሪን ምንም አይጠቅምም። የሚዳሰስ ሞዴል ከካርቶን ሥሩ። ወይም አብራችሁ አሮጌውን ሕንፃ ተራመዱ፤ ዱላው የት እንደሚጋጭ፣ ድምጽ የት እንደሚያስተጋባ ይነግራችኋል። ዊልቸር ተጠቃሚ ኖራው ላይ ይዙር፣ ለመዞር 1.5 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ብዙ ቦታ ራምፕ (የዊልቸር ተዳፋት መውጫ) ተሠርቷል፣ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ግን ቀጥ ያለ ተራራ ነው። በተለምዶ የሚመከረው ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። በዊልቸር ያልወጣበት ሰው የሠራው ራምፕ ያስታውቃል።

የክፍሉ ዲዛይን ሰው በማዳን ላይ በርግጥ ለውጥ ያመጣል? ዋናው መድኃኒቱ አይደለም እንዴ?

ዋናው መድኃኒቱ ነው። ክፍሉም ግን ሥራ አለው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 46 ታካሚዎች አነጻጽሯል። መስኮታቸው ዛፍ የሚያሳያቸው 23ቱ፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያሳያቸው 23ቱ ይልቅ ቶሎ ወጥተዋል፣ ኃይለኛ ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ሊማ ፔሩ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ዋርዶች ለሳንባ ነቀርሳ መተላለፍ ከዘመናዊዎቹ የተሻለ መከላከያ ሆነው ተገኙ። መስኮት ሲከፈት አየሩ በሰዓት ወደ 28 ጊዜ ይቀየራል፣ በማሽን አየር በሚገባላቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ነው።

ሩዋንዳ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የቡታሮ ሆስፒታል ይህን ሐሳብ ሕንፃ አድርጎታል። ታካሚ ተጨናንቆ የሚተነፋፈስበት የውስጥ ኮሪደር የለውም፣ መተላለፊያው ውጭ ነው። አልጋዎቹ ራስጌያቸውን መሃል ላይ ላለ አጭር ግድግዳ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ መስኮትና ወደ ተራራው አዙረዋል። ግድግዳው የተሠራው ከአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በአካባቢው ግንበኞች እጅ ነው። አርክቴክቶቹ፣ ማስ ዲዛይን ግሩፕ፣ ሰዉን ቀርበው ማዳመጥን የሥራቸው መነሻ ያደረጉ ሰዎች ናቸው።

ማዋለጃ ክፍል ላይ ባህል ምን ያገባዋል?

ብዙ ያገባዋል። በእኛ ገጠር ብዙ ሴት ቤቷ የምትወልደው ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ ሴቶች ደግፈዋት ነው። ጤና ጣቢያ ስትመጣ ብቻዋን ብረት አልጋ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክር እናት የሚመቻትን አቀማመጥ፣ ቀጥ ብሎ መውለድንም ጨምሮ፣ እንድትመርጥ ይላል። መምረጥ ግን ቦታ ይፈልጋል፦ የሚነጠፍበት ወለል፣ የሚያዝ ብረት፣ ደጋፊዋ የምትቆምበት። ይህን ሞዴል ላይ ማስቀመጥና እናቶችን "የት ትሆኛለሽ?" ብሎ መጠየቅ ከባድ አይደለም።

በየጤና ጣቢያው ገንፎና ቡና መፍላት ሲጀምር እናቶችን ለማቅረብ የታሰበ ነገር ነበር፣ ጥሩም ነገር ነው። ግን ስንት ቦታ ነው ገንፎው የሚገነፋበት ክፍል ከጭስ መውጫው ጋር ፕላን ላይ የተሳለው? የእናቶች ማቆያም እንዲሁ ነው። ጉራጌ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። እዚያ እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ ይቆያሉ፣ ያበስላሉ፣ ይጫወታሉ። ማቆያ ማለት አልጋ የተደረደረበት አዳራሽ ብቻ ከመሰላችሁ እናቶቹን አልጠየቃችሁም።

ዲዛይኑ ከላይ የመጣ ስታንዳርድ ነው። ለመሳተፍ ምን ቀረ?

ከምታስቡት በላይ ይቀራል። ስታንዳርዱ የክፍሎቹን ዓይነትና ስፋት ይወስናል፤ ሕንፃው ወዴት ይዙር፣ ንፋሱ ከየት ይምጣ፣ በሩ ወደ አስፋልቱ ይሁን ወደ ገበያው መንገድ የሚለውን ግን መሬቱን የሚያውቅ ሰው ነው የሚነግራችሁ። ያው ፕላን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይም ሰመራ ቆላ ላይም ይቆማል። አንዱ ጋ ተራ ጠባቂው ጸሐይ ይፈልጋል፣ ሌላው ጋ ጥላ። የተራ መጠበቂያው ዳስ፣ የአስታማሚ ማብሰያ፣ ምልክቶቹ በምን ቋንቋና በምን ሥዕል ይሁኑ፣ የትኛው ክፍል ለማን ይሰጥ። ይህ ሁሉ ክፍት ነው።

ያለሁት ውጭ አገር ነው። ለትውልድ ቀዬአችን ጤና ጣቢያ ማስፋፊያ እያዋጣን ነው። ከሩቅ ማሳተፍ ይቻላል?

ይቻላል፣ ችግሩ ከማን ጋር የሚለው ነው። ዙም ላይ የሚገኙት ብዙ ጊዜ ኃላፊዎቹና ኮሚቴው ናቸው። ከእነሱ ሌላ እዚያው ያለ አንድ ሰው ያዙ፣ የሕንፃ ተማሪ ቢሆን ጥሩ ነው። የ360 ዲግሪ ምስሎቹን ስልኩ ላይ ጫኑለት፣ እናቶችና ሠራተኞች ጋ ይሂድ፣ ድምጻቸውን ቀድቶ በቴሌግራም ይላክ። እናንተ ደግሞ ቨርጂንያ ወይም ስቶክሆልም ያያችሁትን ክሊኒክ እዚያ ለመትከል አትቸኩሉ። የማይከፈት የመስታወት መስኮትና የአየር ማቀዝቀዣ፣ መብራት ሲጠፋ ምድጃ ነው የሚሆነው።

ስሪዲው ላይ ሰፊ የነበረው ክፍል ሲሠራ ጠበበ። ተታለልን?

ሆን ተብሎ ላይሆን ይችላል። ለማስታወቂያ የሚወጡ ምስሎች በሰፊ ሌንስ ስለሚሠሩ ክፍሉ የተለጠጠ ይመስላል። በቪአር መነጽር ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል፣ ሰው ርቀትን ከእውነተኛው አሳጥሮ ይገምታል። ስለዚህ ስፋትን በዓይን አትፍረዱ፣ በኖራና በሜትር ፍረዱ።

ሁለተኛው ምክንያት ባዶ ክፍል ማየታችሁ ነው። ሞዴሉ ውስጥ የገባው ከኢንተርኔት የወረደ ቀጭን አልጋ ነው። እናንተ ጋ ያለው ከሦስት ለጋሽ የመጣ፣ ሦስት ዓይነት ልክ ያለው፣ እስከ 2.2 ሜትር የሚረዝም ነው። መጋዘን ግቡ፣ ያላችሁን ዕቃ በሜትር ለኩ፣ በዚያ ልክ ይሳል። ግሉኮስ መስቀያውን፣ የአስታማሚውን ወንበር፣ የምሳ ዕቃውን ቦርሳ ሳይቀር አስገቡ። የተመልካቹን የዓይን ቁመትም አስተካክሉ። ስትሬቸር ላይ ለተኛ ሰው ኮሪደሩ የጣሪያ መብራት ሰልፍ ነው፣ ያንን ያየ አርክቴክት አምፖሉን ቦታ ይቀይራል።

ታካሚዎችን ፎቶ ማንሳትና ድምጽ መቅዳት ይፈቀዳል?

አስፈቅዳችሁ፣ ለምን እንደሆነ አስረድታችሁ፣ እምቢ ካሉም ሕክምናቸው ላይ ምንም እንደማይነካ ነግራችሁ። የታመመ ሰው "እምቢ ካልኩ ያባርሩኛል" ብሎ እሺ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ የሚያክመው ሐኪም ራሱ ባይጠይቀው ይሻላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) ወጥቷል፣ የጤና መረጃም እንደ ማንኛውም ወሬ የሚታይ አይደለም። ፎቶው ላይ ካርድ፣ ፊት፣ የአልጋ ቁጥር ካለ ሸፍኑት። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የታካሚ ፎቶ አይለጠፍ። በፍጹም።

ሁሉም የተለያየ ነገር ከፈለገስ ማን ይወስናል?

ይጋጫል፣ አይቀርም። ነርሷ ሁሉንም አልጋ በአንድ ዓይን ማየት ትፈልጋለች፣ ታካሚው መጋረጃ ይፈልጋል። አስታማሚው አልጋው ሥር መተኛት ይፈልጋል፣ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ኃላፊው ጭራሽ እንዳያየው። ድምጽ አሰጥታችሁ አትጨርሱት፣ አፍ ያለው ያሸንፋል። ሁለቱንም አማራጭ ሞዴል ላይ ሥሩና አንድ ሥራ አሠሯቸው። ብዙ ጊዜ ሦስተኛ መንገድ ይወጣል፣ ለምሳሌ ከነርሷ ጠረጴዛ በኩል ክፍት፣ ከጎን ለጎን ዝግ የሆነ ግማሽ መጋረጃ።

አንዳንዱ ነገር ግን ለምርጫ አይቀርብም። የእሳት መውጫ፣ የኦክስጅን መስመር፣ ንጹሕና ቆሻሻ ዕቃ የሚለያይበት መንገድ የባለሙያ ውሳኔ ነው፣ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። የማይቀየር ነገር ላይ ሰውን ሁለት ሰዓት ማስለፍለፍ ነውር ነው።

ሰዎቹ የጠየቁት በበጀት ምክንያት ሳይሠራ ከቀረ ምን እንበላቸው?

እውነቱን፣ በጊዜ። የጠየቁትን ሁሉ በዝርዝር ጻፉና ሠራተኛው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ የቴሌግራም ግሩፑም ላይ፦ ይህ ገባ፣ ይህ አልገባም፣ ያልገባው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በላይ ከባድ ሥራ የለም፣ ስለዚህም ነው ብዙዎቹ የሚዘሉት። ሰው "አልተቻለም" ሲባል ይገባዋል፤ የማይገባው ተጠይቆ ዝም ሲባል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠሩት አይመጣም፣ ቢመጣም ለአበሉ ነው።

ቀደም ብዬ በነገርኳችሁ የማዋለጃ ማስፋፊያ ላይ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ዋርዱ ውስጥ የራሷ የቧንቧና የማፍሰሻ ክፍል ጠይቃ ነበር። ሞዴሉ ላይ ገባ፣ በጀቱ ሲከለስ ወጣ። እንደወጣ በዚያው ሳምንት ነገርናት። ትንሽ ዝም አለችና "እሺ፣ ክፍሉ ይቅር፤ ከኋላ ሮቶው ይቆማል አላችሁ አይደል? ከሥሩ አንድ ቧንቧና ትንሽ ሊሾ ብታደርጉልኝ በጓሮው በር እገባለሁ" አለች። ሮቶውን ያየችው እዚያው ስሪዲው ላይ ነው። ቧንቧው አሁን እዚያ አለ።